የቀለሙ ቤት ዋስ

ሙሄዲን ያሲን ቁልቁለቱን በሩጫ ሲወርድ ምንሽሩ ጀርባው ላይ እየዘለለ ወገቡን ይደልቀዋል። የተጠራው ከአጨዳ ላይ ነው፤ ማጭዱን ለማን እንዳቀበለ እንኳ አያስታውስም። ከፊቱ፣ ወንዙ ዳር፣ ከቀጥቃጩ ከቀለሙ ቤት በላይ ቀጭን ጭስ ይታያል። የወናፉ ጭስ ቢሆን በጓሮ በኩል ነበር የሚነሳው። ይህኛው የሚነሳው ከደጅ ነው።

«ጣሪያው ነው?» አለ፣ ከኋላው እያለከለከ የሚከተለውን ጸሐፊውን በላቸውን ዞር ብሎ ሳያይ።

«ችቦ ነው። ገና አላስነኩትም።»

ጊዜው ኅዳር ስልሳ ዘጠኝ ነው። ከደሴ ወደ ኩታበር ከሚወስደው መንገድ በስተግራ ያለው የጎሮ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ከተቋቋመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ማኅበሩ ያለው ሀብት አንድ ክብ ማኅተም፣ አንድ ቆርቆሮ የጣት ቀለም፣ አምስት አሮጌ ጠመንጃና ለሸኽም ለቄስም ልጅ እኩል የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ ነበር። በላቸው የቅኔ ትምህርቱን አቋርጦ የመጣ ዲያቆን ነው። ሙሄዲን ግን ፊደል የቆጠረው ባለፈው ክረምት ከዘማቾቹ ነበርና የስሙን የመጨረሻ ፊደል ሲጽፍ ዛሬም እጁ ይሰንፋል። ሊቀመንበር አድርጎ የመረጠው ሕዝቡ ነው። ነገር ስለማያበዛ ነው የተመረጠ።

የሰሞኑ ነገር የወንድሙ ልጅ ነገር ነበር። የታላቅ ወንድሙ የእንድሪስ ልጅ ለይላ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ፣ ከታመመች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ እንደ ምጣድ ትግላለች፤ ከዚያ ላብ ያጠምቃታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቡዳ በልቷት እንደሆነ እናስለፍልፋት ብለው አሮጌ ጨርቅ ከቅጠል ጋር አጨሱባት። «ማነህ? ተናገር!» ሲሏት ዐይኗን ገልብጣ «ቀለሙ... ቀለሙ...» አለች። የአገሩ ልማድ ይታወቃል። የተጠራው ሰው ተጎትቶ ይመጣና በሽተኛዋ ላይ እንትፍ ይላል። እሱ ከለቀቃት ትድናለች፤ እምቢ ካለ ግን የሚሆነውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

የቀለሙ አባት ቀጥቃጭ፣ አያቱም ቀጥቃጭ ነበሩ። ሚስቱ ፀሐይነሽ ሸክላ ትሠራለች። ከትውልድ ትውልድ ማረሻ ሠሪዎች እንጂ አራሾች አልነበሩም። የመሬት አዋጁ ሲወጣ ግን እንደማንኛውም አባወራ መሬት ደረሳቸው። «ጠይብ ደግሞ ባለመሬት ሆነ!» ያሉ ብዙ ነበሩ። ነገሩ እንግዲህ በለይላ አልተጀመረም፤ ለይላ ላይ ወጣ እንጂ።

ሙሄዲን ደጁ ሲደርስ አርባ የሚሆን ሰው ቆሟል። ዱላ የያዘ አለ፣ ፋስ የያዘ አለ። ፊት ቆሞ ችቦ የያዘው ደምመላሽ ነው፤ ጉልበተኛ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ቀድሞ የሚገኝ ጎልማሳ። ከሱ አጠገብ እንድሪስ በነጭ ጥምጣሙ ቆሟል። ዘጠኝ ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው።

ሙሄዲን በሕዝቡ መሃል አልፎ ጀርባውን ለቀለሙ በር ሰጥቶ ቆመ። ከተዘጋው በር ውስጥ ሰው ሲተነፍስ ይሰማዋል። ልጅ ሳለ በቀለሙ አባት ደጅ ሲያልፉ እናቱ ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍንለት ነበር፤ ያ ፍርሃት ከሆዱ አልወጣም። ቀለሙ ቡዳ ነው ወይ ቢሉት፣ ወላሂ፣ አይደለም ብሎ መማል አይችልም።

«አያ ሙሄዲን፣ ዞር በል!» አለ ደምመላሽ። «ይውጣና ይትፋባት። ሌላ የምንፈልገው የለም።»

«ችቦው ለመትፋት ነው?»

የመለሰለት እንድሪስ ነበር።

«ሙሄዲን፣ ልጅቱ ያንተም ልጅ ናት። ዛሬ የመንግሥት ሹም አትሁንብኝ።»

«አያ፣ ሹም ባልሆንማ ኖሮ ካንተ ጋር በቆምሁ ነበር» አለ ሙሄዲን። እውነቱን ነበር። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የማኅበሩ አባል ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ አለ። ክስ ካለ ሸንጎ ይቀመጣል። አሁን፣ እዚሁ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ ይምጡ።»

የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ወልደ ሚካኤል ከሕዝቡ ኋላ ነበሩ። ለማየት ነው የመጣሁ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጠሩ ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው ወጡና ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በላቸው ከፀሐይነሽ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ የጣት ቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ።

«ቀለሙ ሰው በላ የሚል ይምጣ» አለ ሙሄዲን። «ስሙን ያስጽፍ፤ ጣቱን ያሳርፍ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ራሱ ይጠየቅበታል።»

የመጀመሪያው ሰው ሁለት እርምጃ ወጣና ቆመ። «እኔ እንኳ አላየሁም። ሲሉ ነው የሰማሁ።»

«ማን ሲል?» አለ በላቸው።

«ሰው ሲል።»

«ሰው የሚባል አባል መዝገቤ ውስጥ የለም። ስሙን ንገረኝ።»

ሰውየው ወደ ኋላው ዞር ቢል ወደ እሱ የሚያይ አጣ። ሁለተኛው አጥር ላይ ጅብ ቆሞ አይቻለሁ አለ፤ ጅቡ ቀለሙ መሆኑን ጣትህን አሳርፍ ሲባል ጅብማ ጅብ ነው ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው የቸኮለ ሥራ ትዝ አለው። ደምመላሽ «እኔ ላግዝ ነው የመጣሁ» አለና መሬት መሬት አየ። ከኋላ ያሉት አንድ ሁለት እያሉ ወደ አጨዳቸው መሄድ ጀመሩ። ሙሄዲን ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎት ትንፋሹን ለቀቀ።

እንድሪስ ወደ ሙቀጫው ሄደ።

«ጻፍ» አለ። «እኔ እንድሪስ ያሲን። ቀለሙ ልጄን በዐይኑ በላ። በአፏ ተናግራለች።» አውራ ጣቱን ከጣት ቀለሙ ቆርቆሮ ነክሮ ወረቀቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ተጫነው።

ሙሄዲን ይህን አላሰበም ነበር። ወልደ ሚካኤልን አየ። ሽማግሌው ጢማቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ክሱ የበሽታ ክስ ነው» አሉ ቆይተው። «እኛ ድንበር ለገፋ እንጂ በሽታ ለለከፈው ዳኞች አይደለንም። የሚያውቅ ይያትና ቃሉን ጽፎ ይስጠን። ደሴ ትሂድ። ተከሳሹም ይሂድ፤ እዚህ ከተውነው በሕይወት አያድርም።»

«ሐኪም ቤት?» እንድሪስ ጮኸ። «ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ እንደሚገድለው አታውቁም? ሙሄዲን፣ አንተ አታውቅም?»

ያውቃል። የአክስቱ ልጅ እንዲያ ሆኖ ነው የሞተ ሲባል ሰምቶ አድጓል። እንዲያም ሆኖ ወደ በላቸው ሄደ።

«ልጅቱ በመርፌ ብትሞት የምጠየቅ እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ» አለና ጣቱን ነከረ። ከዚያ፣ ጣቱን በቁምጣው ሳይጠርግ፣ «ደምመላሽ! ና ወዲህ» አለ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ተመልሰን እስክንመጣ የዚህ ቤት ዋስ አንተ ነህ። ከጣሪያው አንዲት ሰበዝ ብትጎድል፣ ፀሐይነሽ ላይ አንዲት ጠጠር ብትወረወር፣ ሸንጎ የሚጠይቀው አንተን ነው።»

«ለምን እኔ? ሌላ ሰው የለም?»

«ችቦ ማን ማን እንደሚይዝ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አሳርፍ።»

ደምመላሽ ሰዉን አየ፤ ሰዉም እሱን አየው። ችቦውን አፈር ላይ ደፍቆ አጠፋና አሳረፈ።

ቀለሙ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ለይላን በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ጀመሩ። ዐይኑ እንዳያርፍባት ብሎ እንድሪስ ቀለሙ ከፊት ከፊት እንዲሄድ አደረገ፤ ወደ ኋላው እንዳይዞርም አስጠነቀቀው። ቀለሙ አምሳ እርምጃ ቀድሞ፣ እጁን በጀርባው አጣምሮ፣ አንዴም ሳይዞር ሄደ። ያሰረው ሰው የለም። እጆቹ እንደ ጠገራ የከበዱ፣ በፍንጣሪ የተለበለቡ ናቸው።

ቦሩ ሜዳ ላይ ተሸካሚዎቹ አረፉ። ሙሄዲን ከጉያው ደረቅ ዳቦ አወጣ። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ለቀለሙ እየሰጠ፣ ቁራሹን በጋቢው ጋርዶ መብላት ጀመረ፤ ቡዳ እያየ አይበላም። ሙሄዲንም እንደ ሰዉ ሊዞር ሲል ቀና ብሎ አየ። ቀለሙ ማንም ሳይነግረው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ሲያደርገው እንደኖረ ያስታውቃል፤ ችኮላም ቅሬታም የለበትም። ሙሄዲን ዳቦውን ቆርሶ ወሰደለት። ቀለሙ ተቀበለ፤ አመሰገነ፤ አላየውም።

ደሴ የገቡት ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ሆጤ ሰፈር ክሊኒክ ያገኟት ወርቅነሽ የምትባል ነርስ ለይላን ከቃሬዛው ሳታወርድ ዐይኗን ገልጣ አየች፤ ጎኗን ዳሰሰች።

«ቆላ ወርዳ ነበር?»

«የለም» አለ እንድሪስ፤ ከዚያ አሰበ። «አክስቷ ዘንድ ሰንብታለች። ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ዳር። የማሽላ ወፍ ስትጠብቅላት።»

«መቼ ተመለሰች?»

«ወር አይሞላም።»

«ወባ ይመስለኛል። ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባታል። በዚህ ብርድ ወባ ብዙም አይመጣብንም፤ መርፌውም ደሟን የሚያየውም ኮምቦልቻ ነው። ዛሬውኑ አድርሷት፤ ነገ አትበሉ።» ከዚያ በሩ ጋ ለብቻው የቆመውን ቀለሙን አየች። «እሱስ ምኗ ነው?»

ሙሄዲን ለተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አንሡ አላቸው።

ወደ አሰብ የሚወርድ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ለመኑና ከጆንያ ላይ ጫኗት። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የሚፈትሽ ወታደር ወረቀት ጠየቀ። ሙሄዲን ከመነሳታቸው በፊት በላቸው የጻፈለትን የሸንጎውን ደብዳቤ ሰጠው። ወታደሩ ከላይ ያለውን «ኢትዮጵያ ትቅደም»ና ከታች ያለውን ክብ ማኅተም አይቶ ረካ፤ መካከሉን ማንበብ ሲጀምር ግን ግንባሩ ተቋጠረ።

«ተከሳሽ ቀለሙ... በዐይኑ ሰው በልቷል ተብሎ...» ቀና አለ። «የቱ ነው?»

ቀለሙ እጁን አነሳ።

ወታደሩ ጠመንጃ ይዟል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ መለዮው ላይ የአብዮቱ ምልክት አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ደብዳቤውን ክንዱን ዘርግቶ በጣቶቹ ጫፍ መለሰ። «እለፉ፣ እለፉ» አለ። ሙሄዲን ይህን አየ። አዋጁን ከአዲስ አበባ አምጥቶ ያነበበላቸው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ግን ከየቤቱ የወጣ ሰው ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት በጥምዝምዙ ሲወርዱ አየሩ ሞቀ። ለይላ ጭንቅላቷ በአባቷ ጭን ላይ እያለ ቃዠች። «አስቁሙት... ይመታኛል... መዶሻውን አስቁሙት...» ሙሄዲን ሰማ። የእንድሪስ ቤት ከመንደሩ ጫፍ፣ ከቀለሙ ወናፍ ሽቅብ ነው፤ ማረሻ ሲቀጠቀጥ ድምፁ እቤት ውስጥ ድረስ ይሰማል። ወንድሙን አየው። እንድሪስ ቁርኣን ይቀራ ነበር፤ አልሰማም፣ ወይም መስማት አልፈለገም።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ደሟን ከጣቷ ወስደው በማጉያ መነጽር አዩ። ድሬሰሩ መርፌውን ይዞ ሲመጣ እንድሪስ ከአልጋው ፊት ቆመ።

«አይሆንም። አይኔ እያየ አይገድሏትም።»

«አያ» አለ ሙሄዲን፣ ቀስ ብሎ። «እኔም ልክ እንዳንተ ነው የምፈራ። ግን ጣቴን አሳርፌያለሁ። ብትሞት እኔን ትከሳለህ፤ ዳኛ ፊት እቆምልሃለሁ። ቀለሙን በዱላ ብትገድለው ግን ማን ይቆምልሃል?»

«እኔ ልጄን እንጂ ዳኛ አልፈልግም!»

«አውቃለሁ። ዞር በል፣ አያ።»

እንድሪስ አልዞረም። ሙሄዲን ታላቅ ወንድሙን በትከሻው ያዘውና ወደ ግድግዳው ወሰደው። በዕድሜው እጁን በታላቁ ላይ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። እንድሪስ አልታገለም፤ ፊቱን ግድግዳው ላይ ደፋና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ አለቀሰ። ለይላ መርፌውን ተወጋች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ለይላ ውሃ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን አጥሚት ጠጣች፤ እዚህ ማን አመጣኝ አለች። ስለተናገረችው ነገር ሲጠይቋት ምንም አታስታውስም። ድሬሰሩ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተም አደረገበት፤ አንዲት ቃል ብቻ በትልቁ፦ ወባ።

በአምስተኛው ቀን ጎሮ ሜዳ ተመለሱ። የቀለሙ ቤት ቆሟል። ደምመላሽ ደጁ ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ዐይኑ ደም መስሏል፣ የግራ ከንፈሩ አብጧል።

«ማን መታህ?» አለ ሙሄዲን።

«የአጎቴ ልጆች። ችቦ ይዘው መጡ።» ደም ያዘለ ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «ቀለሙን ወድጄ አይደለም። ስሜ ስላለበት ነው።»

«ይበቃል» አለ ሙሄዲን።

ሸንጎው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀመጠ፤ ቀድሞ የባላባቱ ጎተራ የነበረ ሰፊ ቤት ነው። ያን ቀን ደጁ ላይ የነበሩት አርባውም፣ ያልነበሩትም መጡ። በላቸው የኮምቦልቻውን ወረቀት አነበበ። ወልደ ሚካኤል ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«ልጅህ አላህ ይመስገን ድናለች። ክስህን ታነሳለህ?»

እንድሪስ ተነሳ። ያረፈ ሰው ፊት ነበረው፤ ድምፁም ለስልሷል።

«አላነሳም። ወረቀቱ የፈለገውን ይበል። ልጄን ይዞ ነበር፤ መንግሥት ሲይዘው ፈርቶ ለቀቃት። ይኸው ነው።»

«እውነት ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዱ እንዲያውም ማኅተሙ እንዲህ ኃይል አለው ለካ በሚል ዓይን ሙሄዲንን በአድናቆት አየው። በላቸው ብዕሩን አስቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ይሳቅ ይዘን አይታወቅም።

ሙሄዲን ብዙ አላሰበም። የተናገረው የመጣለትን ነው።

«እኔም ከእናቴ የሰማሁትን ከሆዴ ነቅዬ አልጨረስሁም። እንድሪስን ልቡን ክፈት ብዬ አላስገድደውም። ሆድ የየራስ ነው። እጅ ግን የየራስ አይደለም፤ እጅ የማኅበሩ ነው። ከእንግዲህ ቡዳ ብሎ የሚከስ እዚህ መጥቶ ስሙን ያስጽፋል፤ ችቦ ይዞ ሰው ደጅ የቆመ ግን ከሳሽ አይባልም፤ ወንጀለኛ ይባላል።»

ወልደ ሚካኤል ከሁለቱ ዳኞች ጋር ተንሾካሸኩ። ክሱ ማስረጃ የለውምና ተዘግቷል አሉ፤ ቀለሙ ነፃ ነው። ሰዉ መነሳት ጀመረ። ቀለሙ ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳና ወደ በሩ ሄደ።

«ቆይ» አለች ሚስቱ።

ፀሐይነሽ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ነበር። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ደቃቃ ሴት ናት፤ በዚህ ቤት ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም። ባሏ እጅጌዋን ያዘ፤ አስለቀቀችው።

«ከሳሽ ስሙን ያስጽፍ ብላችኋል። እኔም ክስ አለኝ።»

«ማንን ነው የምትከሺ?» አሉ ወልደ ሚካኤል።

«ሊቀመንበሩን።»

ሊወጡ የተነሱት ባሉበት ቆሙ። ፀሐይነሽ ወደ ሙሄዲን ዞረች።

«ቤቴን ከእሳት አድነዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። መሬት ሲደለደል ግን ገመዱን የያዙት እርስዎ ነበሩ። መዝገቡ ሁለት ጥማድ ይላል። የሰጡን ግን የወንዝ ዳር ጭንጫ ነው፤ አንድ ጥማድም አይሞላ። ከመንደሩ አውጥተው ለብቻችን አስቀመጡን። ችቦ የያዙት ሰዎች የት እንዳለን በቀላሉ ያገኙን ለዚያ ነው።»

ሙሄዲን ያን ቀን አስታወሰው። ሦስት አባወራዎች አንድ በአንድ መጥተው ቀለሙን ከድንበሬ አታዋስነኝ ብለውት ነበር። ጠብ እንዳይነሳ ብሎ ገመዱን ወደ ወንዙ ጎተተው። ሰላም ያደረገ መስሎት ነበር፤ ያን ማታ ደህና እንቅልፍ ተኝቷል።

በላቸው ብዕሩን እንደያዘ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ነው የሚያዘው።

«ምን ታየኛለህ?» አለ ሙሄዲን። «ጻፍ እንጂ።»

በላቸው ጻፈ። ፀሐይነሽ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። ሸክላ ሲያሹ የኖሩ ጣቶች መስመራቸው ጠፍቷል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ልሙጥ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። ወልደ ሚካኤል ቀርበው አዩት። «ይበቃል፤ ይታወቃል» አሉ።

ሙሄዲን ከተቀመጠበት አግዳሚ ተነሳ። ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ለደምመላሽ ሰጠው፤ ተከሳሽ መሣሪያ ይዞ አይቆምም። ቀለሙ ቆሞበት ከነበረው ከቤቱ መሃል ሄዶ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። እንድሪስም ያየዋል። እጁን የት እንደሚያደርገው ለጊዜው ጠፋው፤ ኋላ በጀርባው አጣመረው።

«ተከሳሽ» አሉ ወልደ ሚካኤል፣ አርባ ዓመት የሚያውቁት ሰው እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ስምህን ተናገር።»

«ሙሄዲን ያሲን» አለ።